ለአደን የሚሆን የግሬይሃውንድ ክልስ፦ ከሁለቱ ቡችላዎች የቱን ልውሰድ?

የአራት ኪሎው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ውሻ የምታውቁ ሰዎች እስቲ ምከሩኝ።

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ከቤታችን ጀርባ ትንሽ ጓሮ አለችን። አጎቴ ደግሞ መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ ምሬቱ ሌላ ነበር። ጥንቸል የጎመኑን ቡቃያ ጨርሳበታለች። ቀበሮ ግልገል ይወስድበታል። ያሉት ውሾች መጮህ እንጂ መያዝ አያውቁም። «እናንተ ጋ ፈጣን የፈረንጅ ውሻ አለ ይባላል፣ አንድ አምጣልኝ፣ አደንም እንወጣለን» አለኝ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አዳኝ ውሻ ያምረኛል፤ እሺ ብዬ መጣሁ።

ስጠይቅ ስጠያይቅ ሁለት አማራጭ አገኘሁ።

አንደኛው፣ እናቱ ኦርጅናል ግሬይሃውንድ ናት። ኦልድ ኤርፖርት ይኖሩ የነበሩ ፈረንጆች አገራቸው ሲገቡ ለዘበኛቸው ትተዋት የሄዱ ናት። አባቱ የጎረቤት ጀርመን ሼፐርድ ነው። ቡችላው ወፍራም፣ ደረተ ሰፊ፣ ጥቁር ነው። ዋጋው የውሻ ሳይሆን የወይፈን ነው።

ሁለተኛው፣ እናቱ ሳሉኪ የሚባለው ሯጭ የአደን ውሻ ዘር ናት። ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ቤተሰብ ነው ይዟት የመጣው። አባቱ የቀበና የአበሻ ውሻ፣ ቡናማ፣ የግቢ ጠባቂ። ቡችሎቹ ቀጫጭን፣ እግረ ረጃጅም ናቸው። ሴትም ወንድም አለ። ባለቤቶቹ ጥሩ ቤት ካገኙ በነፃ ሊሰጡ ነው።

ልቤ ወደ መጀመሪያው ያደላል። ግሬይሃውንድ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግማሹን እንኳ ቢወርስ በቂዬ ነው። ጀርመኑ ደግሞ ጉልበት ይጨምርለታል። ምን ትላላችሁ? ስንት ወር ሲሆነውስ አደን ላስጀምረው?


ባለ ሱቁ፦

ወንድሜ፣ ውሻው ጥንቸሏን ያዛት እንበል። ማን ሊበላት ነው? መንዝ ላይ ጥንቸል አንጠልጥለህ ቤት ብትገባ አክስትህ ድስቱን ብቻ ሳይሆን አንተንም ነው የምታስወጣው። በዚያ ላይ ውሻ የነከሰው ሥጋ! ጾሙ ባይኖር እንኳ አይሆንም። ይልቅ አጥር አሳጥሩ።


የስድስት ኪሎው ሽማግሌ፦

ባለ ሱቁ ቀደመኝ። ሳቄን ጨርሼ ልመልስ።

ልጄ፣ እኔ ብዙ ዘመኔን የጨረስኩት እንግሊዝ አገር፣ ኒውካስል ነው። አውቶቡስ ጋራዥ እሠራ ነበር። ጎረቤቴ ከድንጋይ ከሰል ማውጫ ጡረታ የወጣ ሰውዬ ነው። ቤቱ ውስጥ ሶፋው የውሾች ነበር፤ ሰው ወለል ላይ ይቀመጣል። ቅዳሜ ማታ ባትሪና ውሻ ይዞ ሲወጣ እኔንም ይጎትተኛል። ስለ እነዚህ ውሾች የማውቀውን ያወቅሁት ከእሱ ጋር ጭቃ ስረግጥ ነው።

በመጀመሪያ ያቺን 70 ኪሎ ሜትር እርሳት። ውሸት ሆና አይደለም። ግን ለምን ያህል ጊዜ? የተለመደው የግሬይሃውንድ እሽቅድምድም 480 ሜትር ነው። ጎበዙ 30 ሰከንድ ሳይሞላው ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ቆሞ ያለከልካል። የሜዳ ጥንቸል ደግሞ ቀጥ ብላ አትሮጥልህም። አፉ ሊደርስባት ሲል እጥፍ ትላለች። ትልቁ ውሻ በራሱ ፍጥነት ተወርውሮ ያልፋታል። እስኪመለስ እሷ ዳገቱን ይዛለች። የኋላ እግሯ ረጅም ነው፣ ዳገት ይመቻታል። መንዝ ደግሞ ዳገት መቼ ጠፍቶ!

ሌላው ነገር፣ እነዚህ ውሾች የሚያድኑት በዓይን ነው። ያየውን ያባርራል። ቁጥቋጦ ገብታ ከተሰወረችበት አንገቱን ቀጥ አድርጎ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ከዚያ ወደ አንተ ያያል። አፍንጫ አጥቶ አይደለም፤ ለዘመናት ሲመረጥ የኖረው ለዓይኑና ለእግሩ ስለሆነ ነው። ንጹሕ ግሬይሃውንድ ሜዳው ገላጣ፣ ሣሩ አጭር፣ ሩጫው አንድ ደቂቃ የማይሞላ ሲሆን ንጉሥ ነው። ድንጋያማ መሬት ላይ ግን ጣቱ ይወልቃል፣ ቆዳው ይቀደዳል።

ስለዚህ እንግሊዞቹ ለሥራ የሚይዙት ክልሱን ነው። ሉርቸር ይሉታል። ግሬይሃውንዱ የመኳንንት፣ ሉርቸሩ ደግሞ በሰው መሬት ተደብቆ የሚያድን የድሃ ውሻ ነበር ይባላል። ዋናው ነገር በምን ተዳቀለ የሚለው ነው። የበግ እረኛ ውሻ፣ ኮሊ የሚሉት፣ ከገባበት ጭንቅላት ይሰጠዋል። ስትጠራው ይመጣል፣ አፍንጫውንም ይጠቀማል። የጎረቤቴ ምርጫ ይህ ነበር፤ ሦስት እጁ ግሬይሃውንድ፣ አንድ እጁ ኮሊ። እኩል በእኩል ከሆነ ብልህ ነው፣ ግን ለትልቋ፣ ለሜዳዋ ጥንቸል ይዘገያል ይል ነበር። እዚያው ሰሜን እንግሊዝ የተገኘ ቤድሊንግተን የሚባል በግ የሚመስል ትንሽ ውሻ አለ። እሱ ከገባበት ፀጉሩ ይከረደዳል፣ ለብርድና ለእሾህ ይችላል፣ እልኸኛም ይሆናል። ዊፔት፣ ግሬይሃውንድ የሚመስለው ትንሹ ሯጭ፣ የገባበት ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይታጠፋል፣ ምግቡም አያስቸግርም። ጉድጓድ ለምትቆፍረው ለትንሿ የፈረንጅ ጥንቸል ከእሱ የሚሻል አላየሁም። ግን እሷ እኛ ዱር ውስጥ የለችም።

ሳሉኪ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። በፍጥነት ከግሬይሃውንድ ያንሳል፣ በትንፋሽ ግን ይበልጠዋል። ግሬይሃውንዱ ሲቆም እሱ ገና መሞቁ ነው። እግሩ ለድንጋይና ለአሸዋ የተሠራ ነው። ችግሩ ጆሮው ላይ ነው። ስትጠራው ሰምቶሃል፤ ዞር ብሎ ያይሃል፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ለዚህ የሚሆን ሆድ ከሌለህ አትያዘው።

አሁን ወደ አንተ ሁለት ቡችላዎች። ግሬይሃውንድና ጀርመን? እኔ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። ሩጫ የሚፈልገው ቀላል ሰውነት ነው፣ ጀርመን የሚሰጥህ ክብደት ነው። የጀርመን ዳሌ እንደሚታመም ደግሞ የታወቀ ነው፤ ግሬይሃውንድ ላይ ያ ችግር ብዙም የለም፣ ለምን ታስገባበታለህ? ከሁሉም የሚያስፈራኝ ጠባዩ ነው። ግሬይሃውንድ ለሰው ገር ነው፣ ጀርመን ጠባቂ ነው። የጠባቂ ልብ በዚያ እግር ላይ ሆኖ አራት ኪሎ መንገድ ላይ ከእጅህ ቢያመልጥ ማን ይደርስበታል? ሌባውም እንግዳውም እኩል ነው የሚያዘው።

ቡችላውን ከማየትህ በፊት እናትና አባቱን እይ። ስትሮጥ አይተሃታል? ስትጠራ ትመጣለች? በግ አጠገቧ ሲያልፍ ምን ታደርጋለች? ከቡችላው ጣቶቹ የተሰበሰቡ፣ መዳፉ ወፍራም መሆኑን፣ ጥርሱ መግጠሙን እይ። ቁመት ሲያድግ ትከሻው ላይ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ለመታጠፍ ይቸገራል። ከአንድ እናት የወጡት እንኳ አንዱ እናቱን፣ ሌላው አባቱን ይሆናል፣ ስለዚህ በክልስ ላይ ማንም ዋስ ሊሆንህ አይችልም።

ስንት ወር ላልከው፣ ዓመት ሳይሞላው ጠንክሮ እንዳይሮጥ። አጥንቱ ገና ነው። እስከዚያ የሚማረው ስሙን፣ መመለስን፣ በግና ዶሮ አለመንካትን ነው። ይኼንን ደግሞ ከአዲስ አበባ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም፤ የፋሲካ ሰሞን በግ በየመንገዱ ነው። ረጅም ገመድ አስረህ በመሃላቸው አንሸራሽረው።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ ራሷ በፈረንጆች 2004 ባወጣችው ሕግ ትልቋን ጥንቸል፣ ቀበሮንና አጋዘንን በውሻ ማሳደድ ከልክላለች፤ ከ2005 ጀምሮ። ትልቁ የጥንቸል ማሳደድ ውድድር፣ ከ1836 ጀምሮ ሲካሄድ የነበረው ዋተርሉ ካፕ፣ የዚያኑ ዓመት ተዘጋ። ትንሿን ጥንቸልና አይጥን ግን መሬቱ የእሱ የሆነው ሰው ከፈቀደ ይቻላል። እኛ የምንወጣው ለዚያ ነበር። የእኛን አገር ሕግ የሚያውቅ ይመልስልህ።


የእንስሳት ሐኪሟ፦

ጋሼ ብዙውን ተናግረዋል። እኔ ክሊኒክ ውስጥ የማየውን ልጨምር።

እነዚህ ዝርያዎች ሰውነታቸው ላይ ስብ የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይጎዳቸዋል። ጓሮ በቆርቆሮ ጎጆ ማሳደር ለአበሻ ውሻ ይሆናል፣ ለሳሉኪ ክልስ አይሆንም። ደረቅ ቦታ፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከተቻለ ቤት ውስጥ። መንዝ ደግሞ ከዚህ የባሰ ብርድ ነው፤ ሰው በርኖስ የሚደርብበት አገር ነው እኮ።

ቆዳቸው ስስ ነው። ሌላው ውሻ የሚቧጨርበት እሾሃማ ሽቦ እነሱን ይቀዳቸዋል። ስፌት ካስፈለገ ለሐኪሙ ገና በሩ ላይ «የግሬይሃውንድ ዘር አለበት» በሉ። ታዮፔንታል የሚባለው ማደንዘዣ ከሰውነታቸው ቶሎ አይወጣም፣ ለመንቃት በጣም ይቆያሉ። ሐኪሙ ካወቀ ሌላ ይመርጣል። የደም ምርመራም ብታሠሩ ቀይ ደም ሴላቸው ከሌላው ውሻ ከፍ ይላል። የተፈጥሯቸው ነው፣ አትደንግጡ።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር እለምናለሁ። ከቄራ የሚመጣውን ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጡ። በግና ከብት ሳንባ ላይ የምታዩት ውኃ የቋጠረ ከረጢት የኮሶ ትል ዘመድ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ እጃችሁ፣ ከእጃችሁ ወደ ልጆች አፍ ይሄዳል። ሰው ላይ ጉበት ውስጥ ትልቅ ዕጢ መሳይ ይሠራል፣ በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። በደንብ ቀቅሉት፣ በዚያ ላይ የትል መድኃኒት በየጊዜው ስጡት። አዳኝ ውሻ ሲሆን ደግሞ የያዘውን ሁሉ ስለሚበላ ይኼ ችግር እጥፍ ነው።

ክትባት አልደግመውም፣ ሁሉም ያውቃል ብዬ አስባለሁ። የእብድ ውሻ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያ በየዓመቱ። ቡችላ የሚገድሉት የፓርቮና የዲስቴምፐር በሽታዎች ክትባት ከዚያ ቀደም ብሎ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ሐኪም ዘንድ ነው፤ «ነገ አያለሁ» የለም።

ከበሉ በኋላም ወዲያው አታስሩጧቸው። ደረታቸው ጥልቅ ነው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ይጠመዘዛል። በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነው።


የአራት ኪሎው፦

ጋሼ፣ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥቁሩን ተውኩት።

ዛሬ ከሥራ በኋላ እናትየዋን ሳሉኪ ለማየት ሄጄ ነበር። ቀበና ድልድይ አጠገብ ነው። ግቢው ውስጥ ዶሮ አለ፣ ዞር ብላ አላየችም። ድመት በአጥሩ ስታልፍ ግን ሰውነቷ ሁሉ ድርቅ አለ። ባለቤቷ ጠራት፤ ጋሼ እንዳሉት አየችው፣ አልመጣችም። ዳቦ ሲያሳያት መጣች። አባትየው ጮኸብኝ፣ ከዚያ መጥቶ እጄን አሸተተ። ከቡችሎቹ አንዷ ሴት ከጫማዬ ክር አልላቀቅ አለች።

አጎቴ ጋ ልውሰዳት ወይስ ይቅር?


የጓሳ ልጅ፦

አገሬ ስለሆነ እገባለሁ። እባክህ አትውሰዳት።

አጎትህ ቀበሮ የሚለው የትኛውን ነው? መሐል ሜዳ አጠገብ ጓሳ የሚባል የተጠበቀ ደጋ አለ። እዚያ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም የለም፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቢቆጠር 500 አይሞላም። ቀይ ነው፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ ጭራው ጫፉ ጥቁር። በቀን ብቻውን ሜዳ ላይ የአይጥ ጉድጓድ ሲያደምጥ ታየዋለህ። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ ግልገል የሚወስደው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግልገል የሚወስደው ሌላው፣ ግራጫ ቢጫ የሆነው፣ በማታ የሚመጣው ነው። በዓይኑ የሚያድን ውሻ ግን ይኼንን አይለይም። የሚሮጥ ካየ አለቀ።

መንከሱ ብቻ አይደለም ፍርሃቴ። ባሌ ላይ የጨረሳቸው ከውሻ የተላለፈ በሽታ ነው። በፈረንጆች 1991፣ 2003፣ 2008ና 2014 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶባቸዋል። ዲስቴምፐርም እንዲሁ። ከከተማ የመጣ፣ ቀኑን ሙሉ ጓሳ ላይ የሚሮጥ ውሻ ማለት ይኼንን ይዞ መግባት ማለት ነው።

ሕጉን ጋሼ ጠይቀው ነበር። የአገራችን የዱር እንስሳት አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ፈቃዱም ለተወሰነ እንስሳ፣ በተወሰነ ቦታ፣ በክፍያ የሚሰጥ ነው። ጥንቸሏም ብትሆን እንደ ዋዛ አትያት፤ የደጋዋ ጥንቸል ራሷ የእኛ ብቻ ናት፣ ሌላ አገር የለችም። «ጎመኔን በላች» ብሎ በውሻ ማሳደድ ፈቃድ አይሆንም።


ባለ ሱቁ፦

እኔም አጥር ብዬ ነበር።


የስድስት ኪሎው ሽማግሌ፦

የጓሳው ልጅ ልክ ነው። ለአጎትህ የሚሆነው ውሻ አዳኝ አይደለም። ከአገሩ የአበሻ ቡችላ ይያዝ፣ ገና ጡት ሳይጥል ጀምሮ ከበጎቹ ጋር ይደር፣ ከእነሱ ጋር ይብላ። እንዲህ ያደገ ውሻ በጎቹን ወገኖቼ ይላል፣ ቀበሮ ሲመጣ ከመሃላቸው ይነሳል። ክትባቱን አንተ ክፈልለት። ግልገሎቹ ማታ በረት ይግቡ። ጎመኑን ደግሞ ዙሪያውን በእሾህ ይጠረው፣ ጥንቸል የምትገባው ከታች ስለሆነ ታችኛውን ያጥብቀው።

የጫማህን ክር ያልለቀቀችውን ለራስህ ውሰዳት። ዶሮ አይታ ማለፏን ከእናቷ ከወረሰች ግማሹ ሥራ አልቋል። አባትየው ጮኾ ሲያበቃ ማሽተቱንም ወድጄዋለሁ፤ ፈሪ ውሻ እንደዚያ አያደርግም። ሴት መሆኗም ጥሩ ነው፣ ታንሳለች፣ ቶሎ ትታጠፋለች። ቶሎ ብለህ አስመክናት እንጂ በዓመቷ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በርህ ላይ ነው። ጊዜውን ዶክተሯን ጠይቃት። አጥርህ ከአንተ ቁመት በታች ከሆነ ደግሞ ከፍ አድርገው፤ እነዚህ ዝላይ ያውቃሉ። ማታ ብቻዋን ጓሮ እንዳትተዋት፣ ከቀበና ወንዝ ጅብ ይወጣል።

ሩጫ እንዴት ትሮጣለች ካልከኝ፣ ሕጉንም ጥንቸሏንም የማይነካ መንገድ አለ። ፈረንጆቹ አሁን የሚያደርጉት እሱን ነው። ነጭ ነገር በገመድ አስረው በማሽን ይጎትታሉ፣ ውሾቹ ጥንቸል ያዩ ያህል ይበራሉ። ሞተር አያስፈልግህም። አሮጌ ብስክሌት ገልብጥ፣ የኋላ ጎማውን አውጥተህ ቸርኬውን ብቻ ተው፣ ገመዱን እሱ ላይ ጠቅልል፣ ፔዳሉን በእጅህ አዙር። ጫፉ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ እሰርበት። ማለዳ ኳስ ተጫዋቾቹ ሳይመጡ ጃንሜዳ ላይ ዘርጋው። መጀመሪያ በቀጥታ መስመር፣ አጭር አጭር። ዓመት ሲሞላት ችካል ተክለህ ገመዱን እጥፍ እያደረግህ አስኪደው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሮጣ ይብቃት፣ ገና እያማራት ትተወው። በመጨረሻ ከረጢቱን ትያዘው፣ ትናጠው፣ አለበለዚያ ተስፋ ትቆርጣለች።

ገመዱ የጥጥ ይሁን። ናይሎን ሲወጠር እግር ይቆርጣል፣ የእሷንም የአንተንም። ብስክሌቱ ከጠፋ እኔ ጋ አንድ አሮጌ አለ፣ ፔዳሉ በግራ በኩል ወልቋል እንጂ ይዞራል።